«አይ ሰቨን ነው» ሲሏችሁ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ጠይቁ

ጅማ ውስጥ ለትንሽ ቢሮ ኮምፒውተር ልትገዙ ያሰባችሁ ወገኖች፣ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት ይቺን አንብቡልኝ። እኔ ኅዳር ላይ 28 ሺህ ብር ከፍዬ የ2011 ዕቃ ቢሮዬ አስገብቻለሁ። 2011 የምለው በፈረንጆቹ ነው። ደግሞ ማንም ሰው አልዋሸኝም። ይበልጥ የሚያንገበግበኝም ይሄው ነው።

ሥራዬ የሰው ሒሳብ መያዝ ነው። ሄርማታ አካባቢ አንዲት ክፍል ቢሮ አለችኝ። ደንበኞቼ አብዛኞቹ ቡና አቅራቢዎች ናቸው። ከኮምፒውተር የምፈልገው ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ፕሮግራም እንዲከፍትልኝ፣ ኤክሴል እንዲሠራልኝ፣ ኢሜይል እንዲልክልኝና እንዲያትምልኝ ብቻ ነው። ኅዳር ላይ የቡናው ሥራ ሲጧጧፍ አሮጌው ኮምፒውተሬ ጭራሽ አልነሳ አለ። ደንበኛ ደረሰኙን በፌስታል ይዞ ደጅ ቆሟል። ተቻኮልኩ። ስህተቴ እዚህ ላይ ይጀምራል።

ሱቁ ውስጥ ሁለት ኮምፒውተር ጎን ለጎን ተቀምጧል። አንደኛው ጥቁር፣ ጎኑ መስታወት የሆነ፣ ውስጡ መብራት የሚያበራ። ሌላው ግራጫ፣ ጠርዙ የተፋፋቀ፣ ከሌላ አገር ቢሮ ተገልግሎበት የመጣ የሚመስል። የግራጫው ዋጋ በአራት ሺህ ብር ያንሳል።

«እህቴ፣ ይሄ አይ ሰቨን እኮ ነው» አለኝ ሻጩ ጥቁሩን እያሳየኝ። «3.4 ጊጋኸርዝ፣ ዊንዶውስ 11 ተጭኖበታል። ያኛው አይ ስሪ ነው። ለአራት ሺህ ብር ብለሽ ኋላ እንዳይቆጭሽ። ሲፒዩው ደግሞ አዲስ ነው፣ እይው።»

እዚህ አገር ሳጥኑን በሙሉ «ሲፒዩ» ነው የምንለው። ሲፒዩ ግን በትክክል ስሙ የፕሮሰሰሩ፣ የዚያች ስሌቱን ሁሉ የምትሠራ፣ በመዳፍ የምትያዝ ካሬ ዕቃ ነው። አይ ሰቨን፣ አይ ስሪ የሚሉትም እሷን ነው። ስለዚህ «ሲፒዩው አዲስ ነው» ሲለኝ ሳጥኑን ማለቱ ከሆነ እውነቱን ነው። ቆርቆሮውም መስታወቱም አዲስ ነው። ውስጡ ያለው ግን ሌላ ነገር ነበር።

ጥቁሩን ገዛሁ። ሁለት ሳምንት ቆየሁበት። ፒችትሪ ላይ የወር ሪፖርት ሳወጣ ይቆማል። ብሮውዘርና ኤክሴል አብረው ከተከፈቱ ማውሱ ራሱ ይደነዝዛል። በመጨረሻ የጎረቤቴን ልጅ ጠራሁት። ኮምፒውተር የሚጠግን ልጅ ነው። መስታወቱን ፈታ፣ ማቀዝቀዣውን አነሳ። በማቀዝቀዣው ክንፎች መሃል አቧራው እንደ ጥጥ ተጋግሯል። ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባው ነጭ ቅባት ደርቆ እንደ በጋ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። በጥጥና በአልኮል ሲጠርገው ጽሑፉ ቀስ እያለ ወጣ። አይ7-2600።

«እትዬ፣ ይምጡ እስቲ ይዩት» አለኝ። «ይሄ ሁለተኛ ጀነሬሽን ነው። ያ የተዉት አይ ስሪ ቁጥሩ ስንት ነበር?»

የሱቁን ፎቶ አንስቼ ስለነበር ስልኬን ከፈትኩ። ግራጫው ላይ የተለጠፈችው ወረቀት ትነበባለች። አይ3-8100።

ልጁ ዝም አለ። እኔም ያኔ አልገባኝም ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። አይ ስሪ፣ አይ ፋይቭ፣ አይ ሰቨን የሚለው በአንድ ዘመን፣ ማለትም በአንድ ጀነሬሽን፣ በወጡ የኢንቴል ኩባንያ ፕሮሰሰሮች መካከል ያለ ደረጃ ነው። ዘመኑን የሚነግራችሁ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው። አራት አኃዝ ከሆነ የመጀመሪያው ጀነሬሽኑ ነው። 2600 ሁለተኛ፣ 8100 ስምንተኛ። አምስት አኃዝ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ውሰዱ። 10100 አሥረኛ፣ 12100 አሥራ ሁለተኛ። ሦስት አኃዝ ብቻ ከሆነ፣ ለምሳሌ አይ7-870፣ የመጀመሪያው ጀነሬሽን ነውና ዞር በሉ። አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ግን እንደ 1135 ያለ ቁጥር ስታዩ አትደንግጡ። እሱ አሥራ አንደኛ ነው።

ኮር ማለት ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ሠራተኛ ክፍል ነው። 2600 አራት ኮር አለው፣ 8100ም አራት ኮር አለው። ጊጋኸርዙም፣ ማለትም በሰከንድ የሚመታው ምት፣ 3.4 እና 3.6 ነው፤ ለዓይን ያው ነው። ነገር ግን የተለያየ ጀነሬሽን ጊጋኸርዝ እርስ በርሱ አይወዳደርም። አዲሱ በአንድ ምት የሚሠራው ሥራ ይበልጣል። የድሮው አይ ሰቨን ስምንት ሥራ በአንዴ መያዝ መቻሉ ቪዲዮ ለሚያቀናብር ይጠቅም ይሆናል። የኔ ዓይነት ሥራ ግን በአብዛኛው አንድ ሁለት ኮር ላይ ነው የሚሮጠው። እዚያ ላይ አይ ስሪው ይቀድመዋል። በርካሽ ዋጋ የተሻለው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው።

እውነቱን ለመናገር ግማሹ ዝግመት የሃርድ ዲስኩ ነው። ልጁም ይህን አልደበቀኝም። የሚሽከረከረውን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ፣ በማይሽከረከረው ፈጣን ማከማቻ፣ ቢተኩት የድሮ ኮምፒውተርም ይነቃቃል። ስለዚህ ስትገዙ ኤስኤስዲ መኖሩን ጠይቁ፤ ራሙም፣ የተከፈተው ሥራ የሚያዝበት ጊዜያዊ ማህደር፣ ከ8 ጊጋ አይነስ። ከዚያ በኋላ የቀረው ችግር ግን በኤስኤስዲ አይድንም።

ስክሪኑ ላይ ዊንዶውስ 11 ሳይ «አዲስ ቢሆን ነው» ብዬ ነበር። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 የሚቀበላቸው የኢንቴል ፕሮሰሰሮች፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከስምንተኛ ጀነሬሽን ወዲህ ያሉት ናቸው። ከዚያ በታች ባለው ላይ የሚጫነው ቁጥጥሩን በሚያልፍ ዘዴ ነው። ያኔ ማሻሻያ እንደሚመጣላችሁ ማንም ዋስትና አይሰጣችሁም። ወደ ዊንዶውስ 10 እመለሳለሁ እንዳትሉ፣ የእሱ መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። የሰው ሒሳብና የግብር ወረቀት የሚያኖር ሰው ይህን እንደ ቀላል ነገር ማየት የለበትም። እኔ የደንበኞቼ የባንክ ቁጥር እዚያ ውስጥ አለ።

ሌላው ፕሮሰሰር አምራች በሆነው በኤኤምዲ በኩልም ተመሳሳይ ወጥመድ አለ። ራይዘን 3 2200ጂ እና 3200ጂ ስማቸው ወንድማማች ይመስላል። ዊንዶውስ 11 የሚቀበለው ሁለተኛውን ነው።

«ግድ የለም፣ ኋላ ፕሮሰሰሩን ብቻ ትቀይሪያለሽ» የሚል ሻጭም አለ። አትስሙት። የኔ ማዘርቦርድ፣ ፕሮሰሰሩ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ፣ የሚቀበለው ሁለተኛና ሦስተኛ ጀነሬሽን ብቻ ነው። የስድስተኛና የሰባተኛ ጀነሬሽን ቦርድ እንኳ ስምንተኛውን አያስነሳም፤ መሰኪያው አንድ ዓይነት መስሎ ይታያል፣ ግን አይሠራም። መቀየር ማለት ቦርዱንም ራሙንም መቀየር ነው። ያ ደግሞ ሌላ ኮምፒውተር መግዛት ነው።

ጅማ ላይ መብራት ሲጠፋ ዩፒኤስ ምን ያህል እንደሚያቆይ ታውቃላችሁ። ዋቱ ያነሰ ፕሮሰሰር ዩፒኤሱን ቶሎ አይጨርስም። በአምራቹ አኃዝ 2600 ሲሠራ የሚያወጣው ሙቀት 95 ዋት ነው፤ የ8100 65። ስሙ መጨረሻ ላይ «ቲ» ያለበት፣ እንደ አይ5-8500ቲ ያለው፣ 35 ነው። ይሄኛው መጽሐፍ በምታክል ትንሽ ሳጥን ውስጥ ይመጣል፣ ስድስት ኮር አለው። ለቢሮ ካገኛችሁ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አትለፉት። መጨረሻው ላይ «ኤፍ» ካለ ግን፣ እንደ 10100ኤፍ፣ የራሱ ግራፊክስ የለውም። ለብቻው ካርድ ካልተገዛለት ስክሪኑ ምንም አያሳይም።

ሌላ ወዳጄ ደግሞ በተቃራኒው ተሸውዷል። «ያገለገለ አልፈልግም» ብሎ ካርቶኑ ያልተከፈተ ላፕቶፕ ገዛ። ፕሮሰሰሩ ሴሌሮን ኤን4020፣ ሁለት ኮር፣ መነሻው 1.1 ጊጋኸርዝ፣ ራሙ 4 ጊጋ ሆኖ ቦርዱ ላይ የተበየደ። አዲስ ነው፣ ዊንዶውስ 11ም ይቀበለዋል። ግን ሁለት ፋይል ሲከፍት ይታነቃል። ራም ልጨምር ቢል ቦታ የለውም። አዲስና ርካሽ ካላችሁ ኤን100 የሚባለው ፕሮሰሰር ይሻላል፤ አራት ኮር ነው፣ መብራትም አይበላም።

ሱቅ ውስጥ ሳላችሁ ኮምፒውተሩን አስከፍቱት። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭናችሁ «ፐርፎርማንስ» ከዚያ «ሲፒዩ» የሚለውን ክፈቱ። ሙሉ ስሙ ከላይ በቀኝ በኩል ይነበባል፤ የኮሩ ብዛት ከታች አለ። ስሙን በሶፍትዌር መለወጥ ስለሚቻል ባዮስ ውስጥም፣ ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው ገጽ ውስጥ፣ ገብተው እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። ጀርባውንም ዙሩና እዩት። የኔ ላይ ለማውስና ለኪቦርድ የሚሆኑ ክብ ቀዳዳዎች፣ አንዱ ወይን ጠጅ አንዱ አረንጓዴ፣ ነበሩ። ሰማያዊ ዩኤስቢ፣ ፈጣኑ ዓይነት፣ አንድም የለም። ፊቱ ባይስበኝ ኖሮ ጀርባው ይነግረኝ ነበር። ሻጩ «አይነካም፣ አይከፈትም» ካለ ሱቁን ለቃችሁ ውጡ።

ዕቃውን ይዤ ተመልሼ ሄጄ ነበር። ሻጩ አልተቆጣም፣ አልሰደበኝም። ደረሰኙን ተቀበለኝና መስመሩ ላይ ጣቱን አሳረፈ። «ዴስክቶፕ ኮምፒውተር፣ አይ7፣ ብዛት 1» ይላል። «የጻፍነውን ነው የሰጠንሽ» አለኝ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። ነገር ግን ደረሰኙ ላይ ያልሰፈረ ነገር ይዞ መከራከር ምን ያህል እንደሚያደክም ያየሁት ያን ቀን ነው። ስለዚህ ሙሉ ቁጥሩን፣ የራሙን መጠን፣ ኤስኤስዲ መሆኑንና የዋስትናውን ቀን ደረሰኙ ላይ አስጽፉ። አልጽፍም ያለ ሰው ለምን አልጽፍም እንዳለ ራሱ ያውቀዋል።

ግራጫውን ኮምፒውተር በማግስቱ ፍለጋ ሄድኩ። ተሽጧል። እስካሁን በጥቁሩ ነው የምሠራው፤ የደንበኞቼን ፋይል ወደ ውጪ ዲስክ አውጥቼ ለብቻ እያስቀመጥኩ። ሐምሌ ከመድረሱ፣ የግብሩ ወረፋ ከመጀመሩ በፊት መተካት አለብኝ። ጅማ ውስጥ ልትገዙ የምትሄዱ ካላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት የፕሮሰሰሩን ቁጥር ጻፉልኝ፤ ከልጁ ጋር አይተን በዚያው ቀን እንመልስላችኋለን።