ለገጸ ባሕርይ መስመር የትኛው ይሻላል? ስክሪን አልባ ታብሌት፣ ባለ ስክሪን ታብሌት፣ አይፓድና ጋላክሲ ታብ ሲነጻጸሩ

ለሥዕል ታብሌት የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ካርቶኑ ላይ በትልቁ በተጻፈው ቁጥር ነው፦ 2048፣ 4096፣ 8192። ቁጥሩ የብዕሩ ግፊት ስንት ደረጃ ላይ እንደሚከፋፈል ይናገራል። በ4096 እና በ8192 መካከል ያለውን ልዩነት ግን ተሥሎ ባለቀ መስመር ላይ ዓይን አይለየውም። የገጸ ባሕርይን መስመር ሕያው የሚያደርገው ብዕሩ በስንት ግራም ግፊት ቀለም መስጠት እንደሚጀምር ነው። በ1 ግራም ገደማ የሚጀምር ብዕር የሽፋሽፍትን ጫፍ አሹሎ ይጨርሳል። 3 ግራምና ከዚያ በላይ የሚጠይቅ ብዕር መስመሩ ሳይሾል ይቆርጠዋል፤ ጫፉ ዱልዱም ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ አራቱንም ዕቃዎች በተመሳሳይ ፈተና ማየት ይሻላል። አንደኛው ሹሩባ ነው፦ ጎን ለጎን የሚሄዱ፣ ጫፋቸው ላይ የሚቀጥኑ 20 መስመሮች። ሁለተኛው የነጠላ እጥፋት ነው፦ ከትከሻ እስከ ወገብ በአንድ ትንፋሽ የሚወርድ፣ እጥፋቱ ውስጥ የሚወፍር፣ ብርሃን ላይ የሚሳሳ ረጅም መስመር። ሦስተኛው ማስመሪያ አስደግፎ በጣም በዝግታ የሚሰመር ሰያፍ መስመር ነው። ሹሩባው የብዕሩን ስሜት፣ ነጠላው የታብሌቱን ስፋት፣ ሰያፉ ደግሞ የዳሳሹን ጥራት ያጋልጣል። ሰያፉ እንደ እባብ እየተጥመለመለ ከወጣ ዳሳሹ የብዕሩን ቦታ በትክክል አያነብም ማለት ነው፤ ይህን ጉድለት የእጅ ልምምድ አያስተካክለውም።

ስክሪን የሌለው ታብሌት

ከኮምፒውተር ጋር ይያያዛል፤ እጅ ታብሌቱ ላይ ሲሄድ መስመሩ የሚወጣው የኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ ነው። ላፕቶፕ ላለው ጀማሪ የምንመክረው ይህንን ነው። ርካሽ ነው፤ ብዕሩም ባትሪ የለውም፣ ኃይሉን የሚያገኘው ከታብሌቱ መግነጢሳዊ መስክ ነው። የዋኮም ኢንቱዎስ ትንሹ የሚሣልበት ክፍል 152 በ95 ሚሊሜትር ሲሆን መካከለኛው 216 በ135 ነው። ሁለቱም የብዕርን ዝንባሌ አያነቡም። ዝንባሌ ግን ለእርሳስ ጥላ እንጂ ለቀለም መስመር ብዙም አያስፈልግም፤ እሱን ፈልጋችሁ ገንዘብ አትጨምሩ።

ገንዘብ መጨመር ያለበት ለስፋቱ ነው። ባለ 15.6 ኢንች የላፕቶፕ ስክሪን 345 ሚሊሜትር ገደማ ይሰፋል። በትንሹ ታብሌት እጃችሁ 1 ሴንቲ ሜትር ሲሄድ ጠቋሚው 2.3 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። የእጅ መንቀጥቀጥም በዚያው ልክ ይባዛል። በመካከለኛው ግን 1.6 ብቻ ነው። ትንሹ ላይ ሹሩባና ዓይን ሥዕሉን አቅርቦ መሥራት ይቻላል፤ የነጠላው ረጅም መስመር ግን ከክንድ መምጣት ሲገባው ከእጅ አንጓ ብቻ ስለሚመጣ መሐሉ ላይ ይሰበራል። የኤክስፒ-ፔን ዴኮ 01 ሁለተኛው እትም 254 በ159 ሚሊሜትር ገደማ ስለሚሰፋ ለዚህ ፈተና ከኢንቱዎስ ትንሹ ይልቅ እሱን እንመርጣለን። ሹሩባው ላይ ግን የዋኮም ብዕር ይበልጣል።

ብዙ ሰው ታብሌቱ ተበላሽቷል ብሎ የሚመልሰው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ክብ ሲሣል ሞላላ ሆኖ መውጣቱ ነው። የታብሌቱ ወርድና ቁመት ንጽጽር 1.6፣ የስክሪኑ 1.78 ስለሆነ ሥዕሉ ወደ ጎን 11 በመቶ ይለጠጣል። በድራይቨሩ (ታብሌቱን ከኮምፒውተሩ ጋር በሚያግባባው ፕሮግራም) ውስጥ መጠኑን ከስክሪኑ ጋር የሚያመሳስለውን ምርጫ ማብራት ነው፤ ከትንሹ ኢንቱዎስ ቁመት 9.5 ሚሊሜትር ይቀነሳል፣ ክቡ ግን ክብ ይሆናል። ሁለተኛው ግፊት ጨርሶ አለመሥራቱ ነው። ብዙ ጊዜ መንስኤው ድራይቨሩ በዊንዶውስ ኢንክ፣ ፕሮግራሙ በዊንታብ ሲያነብ ነው፤ ሁለቱ የብዕሩን ግፊት ለፕሮግራሙ የሚያደርሱ የተለያዩ መንገዶች ናቸው። ሁለቱን አንድ ማድረግ፣ የቀድሞ ታብሌት ድራይቨር ካለም አስቀድሞ ማጥፋት ያስፈልጋል።

ባለ ስክሪን ታብሌት

እዚህ የምናወዳድረው ሁዮን ካምቫስ 13ን እና በ2019 የወጣውን ዋኮም ሲንቲክ 16ን ነው። የሁለቱም ስክሪን 1920 በ1080 ፒክስል ነው፤ የሁለቱም ብዕር 8192 ደረጃ አለው። የካምቫሱ መስታወት ከስክሪኑ ጋር ተጣብቆ የተሠራ ስለሆነ መስመሩ ከብዕሩ ጫፍ ሥር ይወጣል። የሲንቲኩ አልተጣበቀም፤ ብዕሩና መስመሩ መካከል ክፍተት ይታያል፣ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ደግሞ ይብሳል። ሆኖም የሲንቲኩ ብዕር ቀለል ባለ ንክኪ ስለሚጀምር ሹሩባውን አሳምሮ ያልፋል። ንድፍ ላይ ንድፍ እየደረቡ ለሚሠሩ ካምቫስ፣ ንጹሕ መስመር በብዛት ለሚያወጡ ሲንቲክ ይሻላል።

ሁለቱም ለብቻቸው አይሠሩም። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪ ቢቀጥልም ኃይሉን ከግድግዳ ሶኬት የሚወስድ ስክሪን ይጠፋል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር የምትሠሩ ከሆነ ይህ ከስክሪኑ ጥራት በፊት የሚታሰብ ነው።

አይፓድና ጋላክሲ ታብ

አይፓድ ስትገዙ ትልቁ አደጋ ብዕሩ ላይ ነው። በ2023 የወጣው የዩኤስቢ-ሲ አፕል ፔንስል የብዕሩን ዝንባሌ ያነባል፣ ግፊት ግን አያነብም። በእሱ የተሣለ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ውፍረት ነው፤ ሹሩባውም ነጠላውም አይቻሉም። ርካሽ ስለሆነ ብዙ ሻጭ አብሮ የሚያቀርበው እሱን ነው። ለአሥረኛው ትውልድ አይፓድ የሚሆነው ባለ ግፊት ብዕር የመጀመሪያው አፕል ፔንስል ነው፤ ቻርጅ ለማድረግም ለብቻው አስማሚ ያስፈልገዋል። ኤም2 አይፓድ ኤር ከሆነ አፕል ፔንስል ፕሮን ግዙ። አፕል ያልሠራቸው ርካሽ ብዕሮችም አብዛኞቹ ግፊት የላቸውም፤ «ለአይፓድ ይሠራል» የሚለው ጽሑፍ ግፊት አለው ማለት አይደለም።

የሳምሰንግ ጋላክሲ ታብ ኤስ6 ላይት በዚህ በኩል ራስ ምታት የለውም። ብዕሩ ካርቶኑ ውስጥ አለ፣ 4096 ደረጃ ያነባል፣ ለመሣል ቻርጅ አይፈልግም። ስክሪኑ 10.4 ኢንች ነው። ትልቅ ሥዕል ላይ ይዘገያል፤ ለመስመር ብቻ ግን ይበቃል፣ ከዚህ ዝርዝርም በገንዘብ ረገድ በጣም የሚያዋጣው እሱ ነው ብለን እናምናለን።

መስመሩን የሚያድነው ፕሮግራም

ዕቃው ተመርጦ ካለቀ በኋላ ትልቁ ልዩነት የሚመጣው ከዚህ ነው። ክሊፕ ስቱዲዮ ፔይንት የቬክተር ሌየር (መስመሩን እንደ ፒክስል ሳይሆን እንደሚታረም ቅርጽ የሚይዝ የሥዕል ንጣፍ) አለው፤ በብሩሽ የተሣለው መስመር ከተሣለ በኋላም ይታረማል። ሹሩባውን ከፊት ቅርጽ አሳልፋችሁ ሣሉ፣ ከዚያ ላጲሱን «እስከ መገናኛ» በሚለው አሠራር አድርጉና የተረፈውን ጫፍ ንኩት፤ መስመሩ ከተገናኘበት ቦታ ይቆረጣል። የቀጠነ የአገጭ መስመርም ዳግም ሳይሣል በውፍረት ማረሚያው ይወፍራል። በዕቃ የሚታጣውን ጥራት ግማሽ ያህሉን የሚመልሰው ይህ ነው። በኮምፒውተር በአንድ ጊዜ ክፍያ ይገዛል፤ በአይፓድና በአንድሮይድ ግን በየጊዜው የሚከፈል ኪራይ ብቻ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ሆኖ በውጭ ምንዛሪ በየወሩ መክፈል ለሚቸግረው ይህ ከባድ ነገር ነው።

ፕሮክሪኤት ለአይፓድ ብቻ ነው፣ አንዴ ተከፍሎ ያልቃል፣ ለእጅ የሚሰጠው ስሜት ከሁሉም ይጥማል። ነገር ግን መስመሩ ፒክስል ነው፦ ዓይኑን አሳንሶ መልሶ ማሳደግ ጠርዙን ያደበዝዛል። የሌየር ብዛቱም በሸራው ስፋት ይወሰናል። ክሪታ በነጻ ነው፣ በዊንዶውስ፣ በማክ፣ በሊኑክስና በአንድሮይድ ታብሌት ይሠራል፤ አይፓድ ላይ የለም። የቬክተር ሌየር ቢኖረውም የብሩሽ መስመር እዚያ ላይ አይወጣም፤ ለመስመር ጂ-ፔን የሚባለው የኢንክ ብሩሹ ጥሩ መነሻ ነው። ክፍያ የማይመች ከሆነ ያለ ማመንታት ክሪታን ያዙ።

የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያለሰልሰው ማረጋጊያ ሦስቱም ላይ አለ፤ ሦስቱም ላይ ሰው ያበዛዋል። በክሊፕ ስቱዲዮ ከ0 እስከ 100 ባለው መለኪያ ለዓይንና ለከንፈር ከ10 እስከ 15፣ ለነጠላው ረጅም መስመር ከ30 እስከ 40 ይበቃል። ከዚያ ሲያልፍ የክርን መታጠፊያ ይድቦለቦላል፣ መስመሩም ከእጅ ኋላ እየተጎተተ ሕይወቱን ያጣል። በኤ4 ሸራ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ)፣ ማለትም በ2480 በ3508 ፒክስል፣ የውጭውን ቅርጽ በ12 ፒክስል፣ የውስጡን በ7፣ ጸጉርና ሽፋሽፍት በ4 ጀምሩ፤ 12 ፒክስል ሲታተም 1 ሚሊሜትር ነው። በ600 ዲፒአይ ሁሉንም እጥፍ አድርጉ። የብሩሹን ትንሹን ውፍረት ከ10 በመቶ በታች ካላወረዳችሁት ደግሞ የ1 ግራሙ ብዕር ጥቅም ይጠፋል፦ ብዕሩ ቢቀልም ብሩሹ አይሳሳም።

ያገለገለ ዕቃ ከሆነ የምትገዙት የብዕሩን ጫፍ በመጀመሪያ እዩ። በአንድ ጎን ሰያፍ ሆኖ ካለቀ ጫፉ ብቻ ይቀየራል። ጫፉን ቀይራችሁም ብዕሩ ሳይነካ መስመር ካወጣ ግን የውስጡ የግፊት ዳሳሽ ተጎድቷል፤ እንዲህ ያለውን ብዕር አዲስ በመግዛት እንጂ በመጠገን አታገኙትም፣ ዋጋውን ከታብሌቱ ዋጋ ላይ አስቀንሱ። ማስመሪያውንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ሰያፉን ሻጩ ፊት በአራቱም ማዕዘን አስምሩ።