ለፎቶ አንሺዎች ማስጠንቀቂያ፦ ዶሜይኑ በስማችሁ ካልሆነ የዌብሳይት ፓኬጅ አትፈርሙ

ይህን የምጽፈው ስቱዲዮ ላላችሁ፣ ሰርግና ምርቃት ለምታነሱ፣ ካሜራ ይዛችሁ በግላችሁ ለምትሠሩ ሁሉ ነው። በየቴሌግራም ግሩፑ የሚዞር አንድ ዓይነት ማስታወቂያ አለ። «ለፎቶ ስቱዲዮዎች የተሟላ ዌብሳይት፣ ዶሜይንና ሆስቲንግ በነጻ፣ ጎግል ላይ አንደኛ እናወጣችኋለን» ይላል። ዶሜይን የዌብሳይቱ አድራሻ ስም ነው፤ ሆስቲንግ ደግሞ ዌብሳይቱ የሚቀመጥበት ኢንተርኔት ላይ ያለ የኪራይ ቦታ ነው። ዋጋው ሲታይ ርካሽ ነው። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ግን እባካችሁ ይህን አንብቡ።

ለዓመታት አብሮኝ ሰርግ ያነሳ ወዳጄ እንዲህ ያለ ፓኬጅ ገዛ። የሸጠለትን ድርጅት በስም አልጠራም። ተመሳሳይ ውል የሚያስፈርሙ ሌሎችም ስላሉ የሚጠቅማችሁ ውሉን ማወቅ ነው። የመጀመሪያው ዓመት በሰላም አለፈ። ዌብሳይቱ ተሠራ። አድራሻው ቢዝነስ ካርዱ ላይ ታተመ፣ በየአልበሙ ጀርባ ተለጠፈ፣ በስቱዲዮው መስታወት ላይ በትልቁ ተጻፈ። ሁለተኛው ዓመት ሲገባ የ«ጥገናና እድሳት» ሂሳብ መጣ። ከመጀመሪያው ክፍያ ይበልጣል። ለምን ብሎ ሲጠይቅ «ዶላር ጨምሯል» አሉት።

ዶላር መጨመሩ እውነት ነው። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ በዶላር የሚከፈል ነገር ሁሉ በብር ከፍ ብሏል። ግን ሂሳቡን አብረን እንሥራው። አንድ የዶት ኮም ስም በዓመት ከ10 እስከ 20 ዶላር አካባቢ ነው። ለአንድ ስቱዲዮ የሚበቃ ሆስቲንግ በወር ጥቂት ዶላር ቢያስወጣ ነው። ዌብሳይቱ የተሠራበት ወርድፕረስ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ለማንም ሰው በነጻ የሚሰጥ ሶፍትዌር ነው። ወዳጄ የተጠየቀው ገንዘብ የዶሜይኑንና የሆስቲንጉን የብዙ ዓመት ወጪ ይሸፍን ነበር።

«እንግዲያው ዌብሳይቴን ይዤ ልሂድ» አላቸው። ያኔ ውሉን አወጡለት። እኔም አንብቤዋለሁ። መጨረሻው ገጽ ላይ፣ ማንም በማያየው ትንሽ ፊደል፣ ዶሜይኑ፣ ዲዛይኑና ይዘቱ የአገልግሎት ሰጪው ንብረት መሆናቸው ተጽፏል። ደንበኛው የሚጠቀምባቸው እየከፈለ እስከቆየ ድረስ ብቻ ነው። ቤትህን አሠርተህ ስትጨርስ ካርታው በአናጢው ስም ወጥቶ እንደማግኘት ነው። አልከፍልም ሲል ዘጉበት። ወሩ ጥር ነበር። ጥር ለሰርግ አንሺ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። በዶሜይኑ የተከፈተው ኢሜይልም አብሮ ተዘጋ። ቀብድ የከፈሉ ሙሽሮች በዚያ አድራሻ የጻፉለት ሁሉ ውሃ በላው።

ስለዚህ ከዲዛይኑም፣ ከዋጋውም፣ ከማስተዋወቁም በፊት የምትጠይቁት አንድ ነገር ነው። ዶሜይኑ የሚመዘገበው በማን ስም፣ በማን ኢሜይል፣ በማን አካውንት ነው? መልሱ «በእርስዎ» ካልሆነ ተነስታችሁ ውጡ። «አይጨነቁ፣ እኛ እንይዝልዎታለን» ማለት በእርስዎ ስም አይደለም ማለት ነው።

ዌብሳይት ያላችሁ ደግሞ አሁኑኑ አጣሩ። የዓለምን የዶሜይን ስሞች የሚያስተባብረው አይካን የሚባል ተቋም ነጻ መፈለጊያ አለው። እዚያ የዌብሳይታችሁን ስም ስታስገቡ መቼ እንደተመዘገበ፣ መቼ እንደሚያበቃና በየትኛው ሻጭ በኩል እንደተገዛ ያሳያችኋል። የባለቤቱ ስም ብዙ ጊዜ ለግላዊነት ተብሎ ስለሚሸፈን ስማችሁን ባታዩ ወዲያው አትደንግጡ። ዋናው ማረጋገጫ ሌላ ነው። ወደተገዛበት አካውንት ራሳችሁ መግባት ትችላላችሁ? «ዶሜይኑ ሊያበቃ ነው» የሚለው መልእክት የሚደርሰው በማን ኢሜይል ነው? የሚገባውም፣ መልእክቱ የሚደርሰውም ሠሪው ብቻ ከሆነ ዌብሳይቱ የእናንተ አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንቸገርበት ነገር የዶላር ካርድ አለመኖር ነው። ሠሪዎቹም ይህን ያውቃሉ። «በዶላር ስለምንከፍልልዎ በኛ ስም ነው የሚሆነው» ይላሉ። መክፈልና ባለቤት መሆን የተለያዩ ናቸው። በብር፣ በቴሌብርም ጭምር፣ ተቀብለው ዶሜይን በደንበኛው ስም የሚያስመዘግቡ አገር ውስጥ አሉ። የኢትዮጵያ የሆነውን የዶት ኢቲ ዶሜይን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው፤ ለእሱ የውጭ ምንዛሪ አያስፈልግም። ውጭ ያለ ወንድም ወይም እህትም ሊከፍልላችሁ ይችላል። ማንም ይክፈለው፣ ስሙና ኢሜይሉ ግን የናንተ ይሁን።

አሁን ወደ «ጎግል ላይ አንደኛ» እንምጣ። ይሄ በጣም ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ማሳያው ዓይናችን እያየ የሚሠራ ማታለል ነው። ሻጩ ስልኩን ያወጣና የስቱዲዮህን ሙሉ ስም ጎግል ላይ ይጽፋል። አንደኛ ይወጣል። «አዩት?» ይላል። ታዲያ ያን ስም የያዘ ሌላ ማን አለና? አንተን ገና የማያውቅ ሰው በስምህ አይፈልግህም። «አዲስ አበባ ውስጥ የሰርግ ፎቶግራፈር» ብሎ ነው የሚፈልግህ። ፈተናው መደረግ ያለበት በዚህ ቃል ነው። ያውም በሻጩ ስልክ ወይም በራስህ ስልክ አይደለም፣ ጎግል ያለህበትን ቦታና የቀድሞ ፍለጋህን እያየ ውጤቱን ይቀያይራልና። ሌላ አገር ያለ ዘመድ የቀድሞ ፍለጋን በማይቆጥረው የኢንኮግኒቶ ገጽ ይፈልግልህ። ደግሞም ጎግል ራሱ ለዌብሳይት ባለቤቶች በጻፈው መመሪያ ላይ አንደኛ ደረጃን ማንም ዋስትና ሊሰጥ እንደማይችል በግልጽ አስቀምጧል። ይህን ዋስትና የሚሸጥላችሁ ሰው ሥራውን አያውቅም፣ ወይም እያወቀ ይዋሻል።

ዌብሳይት አያስፈልግም እያልኩ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። እዚህ ያለው ደንበኛ በቲክቶክና በቴሌግራም ያገኘናል። ከዋሽንግተን፣ ከዱባይ ወይም ከቴል አቪቭ መጥተው አዲስ አበባ ሊጋቡ ያሰቡ ጥንዶች ግን ከወራት በፊት ተቀምጠው ይፈልጋሉ፣ ያወዳድራሉ፣ ዋጋና የሥራ ናሙና በአንድ ቦታ ማየት ይወዳሉ። ለእነሱ ጥሩ ዌብሳይት ትልቅ ነገር ነው። የሚያናድደኝም ይኼው ነው፤ የሚጠቅም ነገር እንዲህ ባለ ውል ይበላሻል።

ከዌብሳይቱ ጋር የሚሸጥ ሌላም ነገር አለ። «የጎግል ማፕ ምዝገባ» ብለው ለብቻው ያስከፍላሉ። የጎግል ቢዝነስ ፕሮፋይል በነጻ ነው፤ በራሳችሁ ጂሜይል ትከፍቱታላችሁ። ሰው ሠርቶላችሁ ለጉልበቱ ብትከፍሉ ችግር የለውም። ግን ባለቤቱ እናንተ፣ እሱ ማናጀር ሆኖ ይግባ። በእሱ ኢሜይል ከተከፈተ ደንበኞቻችሁ የጻፉላችሁ አስተያየትና ኮከብ ሁሉ በእሱ እጅ ነው። የ«ይህን ያህል ሺህ ጎብኚ አመጣንላችሁ» ሪፖርትም በስክሪንሾት አትቀበሉ። ሰርች ኮንሶል የሚባለው የጎግል ነጻ መሣሪያ ሰዎች በምን ቃል ፈልገው እንዳገኟችሁና ከየት አገር እንደሆኑ ያሳያል። እዚያ ውስጥ ራሳችሁ ግቡ። መግቢያ አንሰጥም ካሉ የሚያሳዩት ነገር የላቸውም።

ስለ ሥራው ጥራትም አንድ ነገር ልበል። የወዳጄን ዌብሳይት በስልኬ ስከፍተው ፎቶዎቹ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያሉ ነበር የሚመጡት። ምክንያቱ ቀላል ነው። ከካሜራ የወጣውን ፋይል እንዳለ ነው የጫኑት። ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ 6000 በ4000 የሆነ ፎቶ ይሰጣል፤ አንዱ 10 ሜጋባይት ሊሆን ይችላል። 20 ፎቶ ያለው ገጽ 200 ሜጋባይት ሆነ ማለት ነው። የማን ዳታ ይችለዋል? ረጅሙ ጎን ወደ 2000 ፒክስል ቢወርድ ለስክሪን ይበቃል፣ ክብደቱም ወደ ጥቂት መቶ ኪሎባይት ይወርዳል። ይህን እንኳ ያላደረገ ሰው ስለ ጎግል ደረጃ ሊያወራ አይገባውም። የቆዩ ሥራዎቻቸውን ሲያሳዩዋችሁ ዋይፋይ አጥፍታችሁ በሞባይል ዳታ ክፈቱት።

ከሁሉም ያሳዘነኝ ግን የሙሽሮቹ ነገር ነው። ውሉ ላይ ይዘቱ የነሱ ነው ስላለ፣ ወዳጄ ያነሳቸውን ሙሽሮች ለሌላ ስቱዲዮ በሚሸጡት ዲዛይን ላይ እንደ ናሙና ለጠፏቸው። አንዲት ሙሽራ ፎቶዋን የማታውቀው ስቱዲዮ ገጽ ላይ አይታ ለወዳጄ እያለቀሰች ደወለችለት። እሱ ምን ይበላት? በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና ለሽያጭ ማቅረብን ይከለክላል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ፎቶግራፍን ከሚጠበቁ ሥራዎች ይቆጥረዋል። ሙሽራዋ በእምነት ፊቷን የሰጠችው ለእኛ ነው። በአንድ መስመር ፊርማ ለማታውቀው ሰው አሳልፈን መስጠት የለብንም። «ይዘት» የሚለው ቃል የባለቤትነት አንቀጽ ውስጥ ካለ አሰርዙት፤ ፎቶዎቹ የስቱዲዮውና የደንበኞቹ መሆናቸውን በጽሑፍ አስገቡ።

አሁን እንዲህ ባለ ውል ውስጥ ያላችሁ፣ ከመጣላታችሁ በፊት ጸጥ ብላችሁ ሥሩ። በመጀመሪያ ፎቶዎቻችሁንና ጽሑፎቻችሁን በሙሉ አውርዱ። ቀጥላችሁ የዶሜይኑን የዝውውር ኮድ፣ ማለትም ስሙን ወደ ሌላ ሻጭ ለማዛወር የሚያስፈልገውን የሚስጥር ቁጥር፣ በጽሑፍ ጠይቁ። አዲስ የተመዘገበ ዶሜይን ለ60 ቀን ወደ ሌላ ሻጭ እንደማይዛወር አትርሱ። ጥያቄያችሁን የማብቂያው ቀን ሳይደርስ ጀምሩት። ካበቃ በኋላ ማደሻ ጊዜ ቢኖርም ማደስ የሚችለው አካውንቱን የያዘው ሰው ነው፤ እሱ ከተወው ስሙ ተሰርዞ ማንም ሊገዛው ይችላል። በዚህ መሃል ደንበኞቻችሁን ወደ ጂሜይልና ወደ ቴሌግራም ቻናላችሁ አዙሯቸው። የከፈላችሁበትን ደረሰኝና የተጻጻፋችሁትን ሁሉ አስቀምጡ።

እድሳታችሁ ከጥር በፊት የሚደርስ ካለ የማብቂያውን ቀን ዛሬ ማታ እዩት። ውል ይዛችሁ ግራ የገባችሁም ካላችሁ፣ ስማችሁንና ስልካችሁን ሸፍናችሁ ፎቶውን ላኩልኝ፤ ከመፈረማችሁ በፊት አብረን እናነበዋለን።