እናቴ መኪና ውስጥ እንቅልፍ የወሰዳት ቀን

ይህ ጽሁፍ ለአንድ የደሴ ሹፌር ምስጋና ነው። ጥቆማም ነው። ሽማግሌና ሕፃን ይዛችሁ ወሎ ውስጥ መንገድ የምትሄዱ ከሆነ አንብቡት። የልጁን ስም እዚህ አልጽፍም። «እኔ ሥራዬን ነው የሠራሁት እህቴ፣ ስሜን ተይው» ብሎኛል። ቃሉን አከብራለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወልድያ የሚኖረው ወንድሜ ጥር ላይ ልጁን ዳረ። ሙሽራው ለእናቴ የመጀመሪያ የልጅ ልጇ ነው። ከደሴ ወልድያ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለእናቴ ግን ባሕር ማዶ ነበር። እናቴ መኪና አትሳፈርማ!

ከ3 ዓመት በፊት በዚሁ መንገድ ሌላ ሹፌር ይዞን ሲሄድ ቁልቁለቱን በሩጫ ወረደው። በአንድ እጁ ስልክ ያወራል። እናቴ «ልጄ፣ በማርያም ቀስ በል» ስትለው የቴፑን ድምፅ ጨመረ። ውጫሌ ስንደርስ ወረደች። «በእግሬ እገባለሁ እንጂ ከዚህ ሰውዬ ጋር አልሄድም» አለች፤ አልሄደችም። በማግስቱ በአውቶቡስ ዓይኗን ጨፍና ደሴ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ የምትሳፈረው ባጃጅ ብቻ ሆነ፤ እሱም ከሆጤ ፒያሳ ድረስ። ስንት ለቅሶ ቀረባት፣ ስንት ክርስትና ቀረባት። የገዛ ታላቅ ወንድሟ ተዝካር ቀን ቤት ተቀምጣ ስታለቅስ አይቻታለሁ። የዚህ የደሴ ሹፌር ውለታ ለእኔ ቀላል ያልሆነው ለዚህ ነው።

ልጁን ጎረቤታችን ናት የጠቆመችኝ። ስደውልለት መጀመሪያ ዋጋ ይጠራል ብዬ ነበር። «መኪና የሚያመው ሰው አለ? የሚፈራስ?» ብሎ ጀመረ። የእናቴን ነገር አጫወትኩት። ትንሽ ዝም አለና «ሐሙስ አመሻሽ ላይ ቡና አፍሉ፣ እመጣለሁ» አለኝ።

መጣ። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ። አቦሉን ሲጠጣ የመኪና ወሬ አላነሳም። ቶናው ላይ «እማማ፣ ነገ እኔ ነኝ የምወስድዎት» አላት። እናቴ «ሁሉም እቤት ሲመጣ እንዳንተ ጨዋ ነው» አለችው። አልተቀየመም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ጭራዋን አየና «ይችን ይዘው ከኋላዬ ይቀመጡ። ሲፈሩ ትከሻዬን መታ ያርጉኝ፣ እቀንሳለሁ። ሁለቴ ከመቱኝ አቆማለሁ» አላት። በረካው ሳይቀዳ «እሺ» አለች። እኔ 3 ዓመት ለምኜ ያጣሁትን እሺታ እሱ በሁለት ስኒ ቡና አገኘው።

ዓርብ ጠዋት 12 ሰዓት ልንነሳ ተቀጣጠርን። 12 ሰዓት ላይ ተዘጋጅተው የተገኙት እሱና ሁለቱ በጎች ናቸው።

11 ሰው ነን። ቤተሰብ ይዞ የተጓዘ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሁሉም ገብቶ በሩ ሲዘጋ አንዱ መታወቂያውን ይረሳል። እሱን ስንጠብቅ ሌላው ሽንት ቤት ይሄዳል። አክስቴ «ምድጃውን አጥፍቼዋለሁ?» እያለች ሁለት ጊዜ ወረደች፤ ሁለቱንም ጊዜ ጠፍቶ አገኘችው። ባለቤቴ የሁሉንም ስም እየጠራ ቆጠረና 10 ሆንን፤ ራሱን አልቆጠረም ነበር። ልጁ በዚህ ሁሉ መሀል አንድም ጊዜ ክላክስ አላደረገም። መሪውን ተደግፎ የኔን ትንሽ ልጅ ስለ ማርሽ ያስተምራል። ስንነሳ ፀሐይዋ የጦሳን ተራራ አጥለቅልቃዋለች፣ 1 ሰዓት ተኩል ሆኗል።

ስለ ጭነቱ ካልነገርኳችሁ ሙያውን አትረዱትም። አጎቴ በጎቹን ፖርቶመጋላው ላይ አስረን እንውሰድ አለ። ልጁ «ጋሼ፣ መርሳ ስንደርስ ፀሐዩ ይጨርሳቸዋል» ብሎ የኋላውን ወንበር አጠፈና ድርቆሽ አነጠፈላቸው። የአክስቴን ቅቤ ደግሞ ከጋቢናው አጠገብ አንስቶ ወደ ኋላ ወሰደው። መኪናው ሃይሩፍ ሚኒባስ ነው፤ ሞተሩ ከጋቢናው ሥር ነው፣ ይግላል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች በጥር ቅቤው ድንጋይ ነው፤ ቆላው ሲጀምር ግን ዘይት ይሆናል። እርጥብ ጆንያ ጠቀለለበት። ባለ 20 ሊትሩን የጠላ ጀሪካን ክዳንም በእጁ አላላው። «ቆላ ሲገባ ይነፋል። ጥብቅ ካለ መኪናው ውስጥ ይፈነዳብናል» አለ። ይህን ሁሉ ማንም አልጠየቀውም።

በጎቹ ሁለት የሆኑት አክስቴ ሙስሊም ስለሆነች ነው። የእናቴ ታናሽ እህት ናት። ወሎ ላይ ይህን ማብራራት አያስፈልግም፤ ሰርግ ካለ ሁለት እርድ አለ፣ አለቀ። ትንሹ ልጄ ግን አረንጓዴ ክር የታሰረበትን በግ ሲያይ ቆይቶ «ይሄኛው በግ ሙስሊም ነው?» ብሎ ጠየቀ። መኪናው በሳቅ ተናጋ። ሹፌሩ በመስታወቱ እያየው «በግ በግ ነው አንተ፤ የሚለየው አራጁ ነው» አለው። አክስቴ «ማሻ አላህ፣ ይህን የመሰለ መልስ» ብላ ቆሎ ዘገነችለት።

ቀጥሎ የጋቢና ጣጣ መጣ። አጎቴ መንገዱን የማውቀው እኔ ነኝ ይላል። የአክስቴ ባል ጉልበቱን ያመዋል። ሴት ልጄ ደግሞ ኩርባ ሲበዛ ያጥወለውላታል። ሌላ ሹፌር «እናንተው ተስማሙ» ይላል። እሱ በከተማ ከፈለው። እስከ ሐይቅ አጎቴ፣ ኩርባው ባለበት ከሐይቅ እስከ ውርጌሳ ልጄ፣ ከዚያ ወዲያ የአክስቴ ባል። አጎቴ በድርሻው መንገድ ላይ አፉን አልዘጋም። «ቀኝህን ያዝ»፣ «አህያ አለ»፣ «አህያው አለፈ»። ለሁሉም መልሱ «እሺ ጋሼ» ነው። ልጄ ቆጥራው 41 «እሺ ጋሼ» ደርሷል፤ አንዱም የምሬት ቃና አልነበረውም።

የእናቴ ጭራም ሥራ አልፈታችም። እስከ ሐይቅ 9 ጊዜ ትከሻውን ነካችው። በነካችው ቁጥር ቀነሰ። አንዴማ መኪናው ሜዳ ላይ በእርጋታ እየሄደ ሳለ ነካችው። ዝም ብሎ ቀነሰ። እየፈተነችው እንደነበር በኋላ ነግራኛለች።

ሐይቅ ስንደርስ ወደ ውሃው ዳር አስገባን። የሐይቅ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳም ሴት አያስገባም፤ እናቴም ይህን ታውቃለች። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ የመሩት ገዳም ነው። እሷ ከልጅነቷ ጀምሮ በሩቁ ነው የምትሳለመው። ልጁ ዛፎቹ ከሚጋርዱት ቦታ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ፣ ከመቀመጫዋ ሳትወርድ ገዳሙ እንዲታያት አድርጎ አቆመላት። ነጠላዋን አስተካክላ ረጅም ጸሎት አደረገች። ሞተሩን አጥፍቶ ጠበቃት።

ከዚያ የዓሣው ክርክር ተነሳ። ሐይቅ ዳር ቆሞ ዓሣ አለመብላት ከባድ ነው። ዓሣ ቤተሰባችንን በአንድ ገበታ የሚያስቀምጥ ምግብ ነው፤ ማን ባረደው ብሎ ነገር የለም። ቀኑ ግን ዓርብ ነው። አጎቴ ዓሣ የጾም ነው አለ። አባቴ ፍስክ ነው አለ። እናቴ ለማንኛውም እስከ 9 ሰዓት ውሃም አልቀምስም አለች። አጎቴ መጽሐፍ ሲጠቅስ አባቴ የሞቱ የኔታን ሲጠቅስ ግማሽ ሰዓት ሄደ። ልጁ ግን አስቀድሞ ደውሎ ኖሮ ዓሣውም በሌላ ድስት የተሠራ ሽሮውም ቀረበ። አባቴ ሽሮውን፣ አጎቴ ዓሣውን፣ ልጆቹ ሁለቱንም በሉ።

ከሐይቅ በኋላ እኔም ልቤ ተንጠለጠለ። ያ ቁልቁለት ነው የመጣው።

ልጁ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ቀነሰ። ሞተሩ ጮኸ። እናቴ ጭራዋን አነሳች። «እማማ፣ ድምፁ አያስፈራዎ። ሞተሩ ነው መኪናውን የያዘልን። ፍሬን ብቻ ይዤ ብወርድ ይግላል፣ ሲግል መያዝ ያቆማል» አላት። ጭራዋ ትከሻው ላይ ሳታርፍ ተመለሰች። ውጫሌ ሲደርስ ዳር ይዞ ቆመ። ወርዶ እጁን ወደ እያንዳንዱ ጎማ ቸርኬ አስጠግቶ ሙቀቱን ለካ። ፊት ግራው ላይ ትንሽ ቆየ። «20 ደቂቃ እንረፍ» አለ። ማንም አልተቃወመም። እናቴ ከመስኮቱ አንገቷን አውጥታ ጎማዎቹን አንድ በአንድ ሲዞራቸው አየችው። ከ3 ዓመት በፊት አልቅሳ የወረደችበት ከተማ ነው።

በ20 ደቂቃው አባቴና አጎቴ ሌላ ክርክር አገኙ። ልጄ 7ኛ ክፍል ናት፤ የውጫሌ ውል የተፈረመው እዚህ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። 1881 ዓ.ም. አለ አባቴ። አንቀጽ 17 አለ አጎቴ። በአማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሥ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖረው ጉዳይ በኢጣልያ በኩል መላክ ይችላል የሚለው፣ በጣልያንኛው ግዴታ ሆኖ መገኘቱን ሁለቱም ያውቃሉ። ሁለቱም ይስማማሉ። ግን እስከ መርሳ ድረስ ተከራከሩበት። የተስማሙበትን ነገር እንዴት እንደሚከራከሩበት ዛሬም ይገርመኛል።

ዘፈንም ተራ ወጣለት። ዓርብ ስለሆነ ከደሴ ስንነሳ ለአክስቴ መንዙማ ከፍቶ ነበር። የአምባሰል ተራራ ሲታይ ለአባቴ አምባሰልን ከፈተ። አባቴ ለልጆቹ አራቱን ቅኝቶች በጣቱ ቆጠረላቸው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። ትንሹ ልጄ ተራራውን እያሳየ «እሱ ነው የሚዘፍነው?» አለ። አባቴ «አዎ፣ እሱ ነው» አለው፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

ያኔ ነው ዞር ስል እናቴን ያየኋት። አፏን ገርበብ አድርጋ፣ ራሷን መስታወቱ ላይ ጥላ ተኝታለች። ጭራዋ ከእጇ ወድቃ ወለሉ ላይ ናት። ለባለቤቴ በጣቴ አሳየሁት። እሱ ለአጎቴ፣ አጎቴ ለአክስቴ። አንድ አፍታ መኪናው ሙሉ ዝም አለ። የእኛ ቤተሰብ 11 ሆኖ ዝም ሲል ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። ልጁ በመስታወት አያት። ቴፑን ቀነሰ፤ ፍጥነቱን ግን አልጨመረም። ስለዚህች ነገር ብቻ ብጽፍ ይበቃኝ ነበር። ያልነቃች እናት ይዞ ቶሎ ለመድረስ መሮጥ ይችል ነበር፤ ማንም አይነካውም ነበር።

መርሳ የደረስነው ለጁምዓ በልክ ነው። ደሴ እያለን አስልቶት ነበር። የአክስቴ ባል መስጊድ ደርሶ እስኪመለስ መኪናውን ጥላ ሥር አቆመ፣ በጎቹን ውሃ አጠጣ፣ የቅቤውን ጆንያ እንደገና አራሰው። የራሱን ሃይማኖት እስካሁን አልጠየቅኩትም።

ወልድያ 9 ሰዓት ሲሆን ገባን። ወንድሜ እናታችንን ከመኪና ስትወርድ ሲያይ እግሯ ላይ ወደቀ። እልልታው ቀለጠ። እሷ ግን መጀመሪያ ወደ ሹፌሩ ዞረች። ራሱን ዝቅ አደረገላት። በጭራዋ ትከሻውን መታ አደረገችውና መረቀችው። «መንገድህን ጨርቅ ያርግልህ። እናትህን ከክፉ ወሬ ይሰውርልህ። እንደ አገባኸኝ ያግባህ።» እሱም እኛም «አሜን» አልን። አክስቴ ሁለት ጊዜ «አሚን» ጨመረች።

ሂሳቡ በስልክ የተነጋገርነው ነው፤ ለበጎቹም ለጥበቃውም ሳንቲም አልጨመረም። እሑድ ማታ ድረስ አብሮን ቆይቶ ሰኞ መለሰን። ሲመለስ የሰርጉ ድካም ስለነበረብን ሁላችንም ተኝተናል፤ እናቴ ናት ደሴ እስክንገባ ስታጫውተው የመጣችው።

ነጭ ሃይሩፍ ነው፤ ንጹሕ ነው፤ የመቀመጫ ቀበቶዎቹ ይሠራሉ። ከመነሳቱ በፊት ስለ መንገዱ ደውሎ ያጣራል፣ ጨለማ ውስጥ አይነዳም። «ዛሬ አይሆንም» ካለ አይሆንም፤ አትጨቅጭቁት። ከሳምንት በፊት ደውሉለት፣ ቶሎ ይያዛል። ስልኩን እሱ ፈቅዶልኛል፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና እሰጣችኋለሁ። ከፋሲካ በኋላ ያለውን ሁለተኛውን እሑድ ግን አትጠይቁት። ባቲ የክርስትና ጥሪ አለብን፣ እናቴ ከአሁኑ ይዛዋለች።