የ32 ፎርድ ኪቱ አሪፍ ነው፣ አቋቋሙን ግን ራሳችሁ ትሰሩታላችሁ

ለቸኮለ ሰው ባጭሩ፦ ኪቱ (ራሳችሁ የምትገጣጥሙት ትንሽ የፕላስቲክ ሞዴል መኪና) ይገዛል። ቦዲው ንጹህ ነው፣ ሞተሩ ያምራል፣ ኒኬሉም አይታማም። ግን መመሪያው እንደሚለው ገጣጥማችሁ ጠረጴዛ ላይ ስታቆሙት ያ የምታውቁት ሆት ሮድ (ለፍጥነት የተቀየረ የድሮ መኪና) የለም፣ ጭቃ ሊሻገር ሱሪውን የጠቀለለ ሰው ነው የሚመስለው። ከፍታው እንዲህ ሆኖ ቀለሙን የፈለገ ብታሳምሩት ምንም ዋጋ የለውም፣ ስለዚ እኔም አብዛኛውን የማወራው ስለ ከፍታው ነው፣ ሌላውን ቶሎ ቶሎ አልፈዋለሁ።

ኪቱ የ1932 ፎርድ ባለ አምስት መስኮት ኩፔ ነው፣ ስኬሉ 1/25፣ ማለትም ከእውነተኛው 25 እጥፍ ያነሰ። የኩባንያውን ስም ይለፈኝ፣ በድሮ ሞልድ (የፕላስቲኩ መቅረጫ) መልሰው የሚያወጧቸው ኪቶች ላይ በብዛት የሚያጋጥም ነገር ስለሆነ አንዱን ነጥሎ መውቀስ ደስ አላለኝም። እዚህ ካሊፎርኒያ ያገለገለ ነገር ከሚሸጥበት ገበያ በ35 ዶላር አነሳሁት፣ ፕላስቲኩ አልተከፈተም ነበር።

ሳጥኑ ውስጥ ያለው ነገር ጥሩ ነው። በሮቹ ላይ ያለው መስመር ቀጭንና ቀጥ ያለ፣ ፍላትሄድ ቪ8 ሞተሩ ደግሞ ሽቦ ለሚቀጥል ሰው ለብቻው አንድ ሳምንት ያስፈነድቃል። ዲካሉ (ቦዲው ላይ የሚለጠፈው ጽሁፍና ምስል) ቢጫ ብሏል ግን ማን ይጠቀመዋል። ወንበሩ ያው ወንበር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ይሄ መኪና ፊቱን ደፍቶ ኋላውን አንስቶ የሚቆመው ለማማር ብቻ ተብሎ አይደለም እኮ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሙሮክ እና ኤል ሚራጅ የሚባሉ የደረቁ ሀይቆች አሉ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ጀምሮ ወጣቶቹ እዛ እየሄዱ ነበር ፍጥነት የሚሞክሩት፣ ውድድሩን የሚያዘጋጀው ኤስሲቲኤ የሚባለው ማህበር ራሱ የተመሰረተው በፈረንጅ 1937 ነው። ክብደትና ንፋስ ለመቀነስ ፓራፋንጎውን ይፈቱታል፣ ኋላ ትልቅ ጎማ ያስራሉ፣ ምክንያቱም ጎማው ትልቅ ሲሆን በአንድ ዙር ብዙ መንገድ ይሄዳል፣ ዲፈረንሻሉን ሳይነኩት መኪናው በዛው የሞተር ዙር ይበልጥ ይፈጥናል ማለት ነው። ፊት ደግሞ ክብደት እንዳይሆንበት፣ ንፋስም እንዳይዘው ቀጭንና ትንሽ ጎማ። ቦዲው እዛው ሻንሲው ላይ እንደተቀመጠ፣ ፓራፋንጎ የሌለው፣ ፊቱ የተደፋ፣ እሱ ነው ሀይቦይ የሚባለው። እኔም የፈለግኩት እሱን ነው።

ታድያ ከዚህ ታሪክ የምትወስዱት ነገር ምንድነው፣ መደፋቱ ሲጀመር የመጣው ከጎማው ነው! ብዙ ልጆች ግን ኪት እንደገዙ መጀመሪያ የሚሮጡት አክሰሉን ለመቁረጥ ነው። ተረጋጉ፣ መጀመሪያ ጎማ።

1/25 ላይ ደግሞ የሚገርም እድል አላችሁ። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊሜትር ነው፣ ለ25 ስታካፍሉት 1.016 ይመጣል፣ በቃ ሞዴሉ ላይ አንድ ሚሊሜትር ማለት እውነተኛው መኪና ላይ አንድ ኢንች ማለት ነው። ካልኩሌተር አያስፈልግም። የእውነተኛው 32 ፎርድ ከአክሰል እስከ አክሰል 106 ኢንች ነው፣ ሞዴሉን ለኩት ከ108 ሚሊሜትር ትንሽ ነው የሚያንሰው። ሸሚዝ ኪስ የምትገባ የብረት ማስመሪያ ትበቃለች።

የኔን ኪት ገና ኮላ ሳልቀባ በሚለጠፍ ሊጥ ነገር (ያ ፖስተር ግድግዳ ላይ የሚለጠፍበት ሰማያዊው) አያይዤ አቆምኩትና የሻንሲውን የታችኛውን ጠርዝ ከጠረጴዛ ለካሁ። ፊት 10 ሚሊሜትር፣ ኋላ 9። አያችሁ፣ ፊቱ አንድ ኢንች ቀና ብሎ ነው የሚመጣው፣ ለሀይቦይ ይሄ ነውር ነው። የፊት ጎማው ቁመት 28፣ የኋላው 29፣ ማለት ይቻላል እኩል ናቸው። ለዚህ አቋቋም አብዝተው የሚያስሩት ጎማ ደግሞ ኋላ 7.50-16፣ እሱ ወደ 31 ኢንች ይቆማል፣ ፊት 5.60-15፣ እሱ ወደ 26 ነው።

ከትርፍ እቃዬ ውስጥ 26 እና 31 የሚሆኑ ፈልጌ አሰርኩ። እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ጎማ ስትቀይሩ መኪናው የሚወርደው ወይ የሚነሳው በልዩነቱ ግማሽ ነው፣ ምክንያቱም አክሰሉ ያለው መሀል ላይ ነው። ስለዚ ፊት በ2 ያነሰ ጎማ መኪናውን 1 ነው ያወረደው፣ ኋላም በ2 የበለጠው 1 ነው ያነሳው። ፊት 9፣ ኋላ 10 ሆነ። ምላጭ ሳይነካው ቀና ያለው ፊት ተደፋ ማለት ነው።

ግን አልበቃኝም። አንድ ኢንች መደፋት ዓይን አይይዝም፣ ጠረጴዛው የተንጋደደ ነው የሚመስለው። ቀጥሎ አክሰሉ።

እውነተኛው መኪና ላይ የፊት አክሰሉ አንድ ወጥ ብረት ነው፣ ከላዩ ባሌስትራ በአግድም ተኝቶበታል። ማውረድ ሲፈልጉ የአክሰሉን ሁለት ጫፍ ወደ ላይ ያጥፉታል፣ ጎማው የሚታሰርበት ወደ ላይ ሲወጣ መኪናው ወደ ታች ይወርዳል፣ ባሌስትራው ግን ስራውን እንደድሮው ይሰራል። ከባሌስትራው ላይ ጥቂት ቅጠል የሚያወጡም አሉ። (እኛ ሀገር ባሌስትራ ሲነካ ጭነት እንዲችል ለመጨመር ነው፣ ቅጠል ቀንሱልኝ ብሎ ጋራዥ የሚሄድ ሰው ቢኖር ሜካኒኩ አንዴ ቀና ብሎ ያየው ነበር።)

ሞዴሉ ላይም ያው ነው። የአክሰሉን ጫፍ ጎማው ከሚይዝበት ጋ በቀጭን መጋዝ ቆርጬ 2 ሚሊሜትር ወደ ላይ አወጣሁትና በፕላስቲክ ኮላ ብቻ እንዳልተማመን 0.8 ሚሊሜትር የነሀስ ሽቦ ሰካሁበት፣ ከዛ ሱፐር ግሉ። ኒኬሉን መፋቅ አትርሱ፣ ኮላ ኒኬል ላይ የያዘ ይመስላል እንጂ አይዝም። ሁለቱን ጎን እኩል ለማድረግ ቀላሉ ነገር 0.040 ኢንች የሚባለው የፕላስቲክ ላሜራ ነው፣ እሱ በትክክል 1.016 ሚሊሜትር ነው፣ ማለትም በዚህ ስኬል ልክ አንድ ኢንች፣ ሁለት ደርባችሁ እንደ መለኪያ ትጠቀሙታላችሁ። ከመሪው ጋር የሚያያዘው ዘንግ አብሮ ከፍ ስለሚል ከአክሰሉ ድጋፍ ጋር ይነካካል፣ ትንሽ መሞረድ አለባችሁ፣ መመሪያው ስለዚህ ምንም አይልም፣ በርግጥ ቁረጡትም አላለም።

ውጤቱ ፊት 7 ኋላ 10። ሶስት ኢንች በ106 ኢንች ርዝመት ላይ ከ2 ዲግሪ ያነሰ ነው፣ ወረቀት ላይ ስታዩት ምንም አይደለም፣ መኪናው ላይ ግን በቃ ያ ነው! ኋላውን አልነካሁትም። ኋላውንም አብሮ ማውረድ የሚወድ አለ፣ ያኔ ግን ሻንሲውን ከኋላ ቆርጦ ደረጃ መስራት ወይ ቦዲውን ሻንሲው ላይ ማስመጥ ይመጣል፣ ወለሉ ከፍ ይላል፣ ሹፌሩ ጉልበቱን አገጩ ስር ነው የሚያስቀምጠው። ለጀማሪ አልመክርም።

ፊቱ ሲወርድ የሞተሩ ኮፓ መሬት እንዳይቀርብ ተጠንቀቁ። ትልቁ መኪና ላይ የደህንነት ህግ አለ፣ ጎማ ቢተነፍስና መኪናው በቸርኬው ቢቆም እንኳን ከስር ምንም ነገር አስፋልት መንካት የለበትም። ሞዴሉ ላይ ክር ወጥራችሁ ከአንዱ ቸርኬ የታችኛው ጠርዝ ወደ ሌላው ታዩታላችሁ። በ26 ኢንች ጎማና በ15 ኢንች ቸርኬ ጠርዙ ከመሬት ወደ 5 ሚሊሜትር ነው። የኔ ኮፓ ለጥቂት አለፈ፣ ማርሚታው ግን ዝቅ ብሎ ስለነበር ወደ ላይ ገፋሁት። ይሄን ማንም አያይም ትሉ ይሆናል፣ ሞዴል ውድድር ላይ የሚዳኙት ሽማግሌዎች ግን ጎንበስ ብለው ያያሉ፣ አውቃችሁ ግቡ።

አራቱም ጎማ መሬት መንካቱን ለማየት መስታወት ላይ አቁሙትና ቀጭን ወረቀት በየጎማው ስር ሞክሩ፣ የሚያልፍበት ካለ አንዱ ጎማ ተንሳፍፏል። ሌላው ደግሞ እይታ ነው። ሞዴል ሁሌ ከላይ ነው የምናየው፣ ከላይ ሲታይ ሁሉም መኪና ዝቅ ያለ ይመስላል፣ ለዛ ነው ብዙ ሰው ጨርሶ ፎቶ ሲያነሳ የሚደነግጠው። የቆመ ሰው ዓይን 65 ኢንች አካባቢ ነው፣ ስለዚ ስልካችሁን ከጠረጴዛው 6 ሴንቲ ተኩል ከፍ አርጋችሁ አንሱ። ፖሞና የሚደረገው ግራንድ ናሽናል ሮድስተር ሾው (1950 ኦክላንድ የጀመረው) ስሄድ ከቀለሙ በላይ ፎቶ የማነሳው ጎንና ጎኑን ነው፣ ከሞዴሉ ጎን አስቀምጦ ለማነጻጸር ከዛ የተሻለ የለም።

አንድ ሰው ፊቱን ከፍ ያረጉትስ አሉ አይደል ብሎኛል። አዎ፣ እነሱ ጋሰር ናቸው፣ ድራግ ሬስ (ቀጥ ባለ አጭር መንገድ የሚደረግ የፍጥነት ውድድር) ላይ ሲነሱ ክብደቱ ወደ ኋላ ጎማ እንዲሄድ ፊቱን ያነሱታል፣ እዛም ቢሆን ልክ አለው፣ የክራንኩ መሀል ከመሬት 24 ኢንች እንዳይበልጥ ህግ ነበር። ጋሰር መስራት ከፈለጋችሁ ደግሞ ይሄ ኪት እንደመጣ በጣም ዝቅ ያለ ነው፣ መሀል ላይ የቀረ ነገር ነው የሰሩት።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ ለቦዲና ለሞተር 9፣ ለመመሪያው 6፣ ለአቋቋሙ 3፣ እሱም ሻንሲው ቀጥ ያለ ስለሆነ ነው። መጋዝና የነሀስ ሽቦ ለሌለው፣ ወይም ልጁ ጋር ቅዳሜ ከሰአት ጨርሶ መደርደሪያ ላይ ማድረግ ለሚፈልግ፣ ጎማውን ብቻ ቢቀይር እንኳን ግማሽ መንገድ ሄዷል። ከ35 በላይ ግን አትክፈሉ፣ ጎማውን ለብቻ መግዛታችሁ አይቀርም። የድሮውን የቪኒል ጎማ ደግሞ ቦዲውን አስነክታችሁ ሳጥን ውስጥ አታስቀምጡ፣ ከጊዜ ብዛት ፕላስቲኩን ይበላዋል።