ወፍራሙ የበረዶ ሣጥን ወይስ ነጩ ፎም፦ ከቆላ ወደ ጎንደር ሥጋ ለሚያመጡ

ከመተማ ወገን ፍየል አሳርደው፣ አንዳንዶቹም በሕጋዊ ፈቃድ ሩቅ አገር አድነው ሥጋ ይዘው የሚመለሱ ወዳጆቼ የትኛውን መያዣ እንዲገዙ ደጋግመው ይጠይቁኛል። መልሴ ወፍራሙ የፕላስቲክ ሣጥን ነው።

የብሩ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ በሥጋ ኪሎ መለካቱ ይሻላል። ነጩ የፎም ሣጥን ከአንድ ኪሎ ሥጋ ባነሰ ዋጋ ይገኛል፤ ደህናው ሣጥን ግን የአምስት ወይም የስድስት ኪሎ ያህል ያስወጣል። ፎም ሙቀትን በመከላከል የሚናቅ አይደለም። ይሁን እንጂ ከሚኒባስ ጣሪያ ሲወርድ ጥጉ ይሰበራል፤ ደም ከገባበትም ቢታጠብ ሽታው አይለቅም፤ ስለዚህ በየጉዞው አዲስ መግዛት ግድ ይሆናል። በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሄድ ሰው ፎሙን ገዝቶ ክዳኑን በፕላስተር ዙሪያውን ቢያሽገው ይበቃዋል፤ የሚመላለስ ሰው ግን ሣጥኑን ይግዛ።

ከሁሉም የከፋው በሦስት ኪሎ ሥጋ ዋጋ የሚሸጠው አስመስሎ የተሠራ ሣጥን ነው። ግድግዳው ደህና ቢመስልም ክዳኑ ውስጡ ባዶ ነው። የአጎቴ ልጅ ይህንኑ ገዝቶ በመተማ በኩል ካለችው ገንዳ ውሃ ከተማ ቢነሳ፣ ገና ደጋው አይከል ሳይደርስ በረዶው ውሃ ሆኖ ጠበቀው። በኋላ ክዳኑን ከሥሩ በስቶ በር ገጣሚዎች የሚነፉትን ፎም አስሞላው፤ የተሰበረውን የፕላስቲክ ማጠፊያም በብረት አስቀየረው፤ ወጪው ሲደመር ከደህናው ሣጥን ዋጋ ብዙም አልራቀም። ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት ክዳኑን በጣትዎ ያንኳኩት፤ እንደ ከበሮ ከጮኸ ይተዉት። የክዳኑ ዙሪያ ጎማ መኖሩንና የውሃ መፍሰሻው ቡሽ መጥበቁንም ይመልከቱ።

የትኛውም ሣጥን ትኩስ ሥጋ አያድንም። የታረደ እንስሳ ሥጋ የሰውነቱን ሙቀት እንደያዘ ከታሸገ፣ በተለይ ወፍራሙ ጭን፣ ከአጥንቱ ጀምሮ ይበላሻል። ስለዚህ ብልቱ ተለያይቶ በጥላ ውስጥ ነፋስ ይምታው፤ ሙቀቱ ሲወጣለትም ይጫን። ልቅ በረዶ ሲቀልጥ ሥጋውን ስለሚዘፍቀው ውሃ ሞልተው ያቀዘቀዙትን የሃይላንድ ጠርሙስ መጠቀም ይበልጣል፤ ወጪውም ከመብራት አይዘልም። ትልቅ ጠርሙስ ከትንሹ ይልቅ ዘግይቶ ይቀልጣል፤ ባዶ ቦታ ከቀረ ደግሞ በጨርቅ ይሞላ።

በረዶ በማይገኝበት ሥፍራ ከሁለቱም ቋንጣ ይሻላል። የዱር እንስሳ ሥጋ ስብ ስለማይበዛበት ለቋንጣ ይስማማል፤ የሚሻግተው ስቡ ነውና። በክረምት ግን እርጥበቱ አያደርቀውም፤ አራት ኪሎ የሚሆነው ጥሬ ሥጋም ደርቆ አንድ ኪሎ ገደማ ስለሚሆን፣ ለጎረቤት አካፍላለሁ ብሎ ያሰበ ሰው ይህን አስቀድሞ ያስላ።