ሃያ ሁለት አካባቢ ያለው አዲሱ ፎቅ፦ ውስጡ 4 ኮከብ፣ ደጁ 1

ሰሞኑን እማዬን መነፅር ላሰራላት ብዬ ከሃያ ሁለት ወደ መገናኛ ሲኬድ ካሉት አዳዲስ ፎቆች ወደ አንዱ ወስጃት ነበር። የህንፃውን ስም አልጠራም፣ እንደሱ የተሰራ በየሰፈሩ ሞልቶ አንዱን ብቻ ለይቼ ማማት ፍትህ አይመስለኝም። ግን እዛ ሱቅ ለመከራየትም ለመገልገልም የምታስቡ ካላቹ ያየሁትን ልንገራቹ።

መጀመሪያ ጥሩውን። መነፅር ቤቱ በጣም አሪፍ ነው፣ ልጅቷ እማዬን ቁጭ አድርጋ በትግስት ነው ያስተናገደቻት፣ እማዬ ፍሬም እየቀያየረች ስታስቸግራት አንዴም ፊቷ አልተቀየረም። ሊፍቱ ይሰራል፣ ሽንት ቤቱ ውሃ አለው፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ወዲያው ይነሳል፣ ከላይ ያለው ካፌ ማኪያቶው ጥሩ ነው በመስኮቱም እስከ እንጦጦ ድረስ ይታያል።

ደጁ ግን ያናድዳል። ከታክሲ ወርደን በአዲሱ የእግረኛ መንገድ ትንሽ ተራመድን፣ ሰፊ ነው፣ ንጣፉም ንፁህ ነው፣ እማዬ ራሷ «እንዲህ ከሆነማ ይኬዳል» አለች። ህንፃው ጋ ስንደርስ ከመንገዱ ከፍ ብሎ ነው የተሰራው፣ ስድስት የግራናይት ደረጃ አለው፣ የሚያዝ ብረት የለውም፣ ራምፕ (ደረጃ ለሚከብደው የሚሆን ተዳፋት መወጣጫ) የለውም። እማዬ ጉልበቷን ያማታል፣ እንደምንም ደግፌ አወጣኋት እና የመስታወቱ በር በሰንሰለት ተቆልፏል። ጥበቃው ከውስጥ በእጁ እያሳየን «እማማ በዚህ በኩል አይቻልም፣ በፓርኪንጉ ዞረው ይግቡ» አላት። «ወንድሜ፣ እግሯን ያማታል እኮ» ስለው «ምን ላድርግ እህቴ፣ ቁልፉ እኔ ጋ የለም» አለኝ፣ እሱም እውነቱን ነው። መልሰን ወረድን።

ፓርኪንጉ ከኋላ ነው፣ በኮብልስቶን ዞሮ መኪና ወደ ቤዝመንት በሚወርድበት ቁልቁለት ነው ሰውም የሚገባው፣ ለእግረኛ ተብሎ አንድ ስንዝር አልተለየም። ግማሽ ላይ ስንደርስ ከኋላችን መኪና መጣ ክላክሱን አንባረቀው፣ እማዬ ደንግጣ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች፣ ነጠላዋ ጥላሸት በጥላሸት ሆነ። እዛው ቆማ ነጠላዋን ስታራግፍ ሳያት እንባዬ መጣ።

ስንወጣ ደግሞ ዝናቡ ዶፉን ለቀቀው። መጠለያ ፈለግን፣ ያ ሁሉ ፎቅ ለመንገዱ አንድ ክንድ ታዛ አላወጣም፣ ግራውንዱ በሙሉ የሚያብረቀርቅ መስታወት ነው፣ ሱቅ የለ፣ ጀበና ቡና የለ፣ ደግሞ የጄኔሬተሩ ጭስ ማውጫ የተከፈተው ወደ እግረኛው ነው፣ ልጅ ይዞ የሚያልፍ ሰው ጭሱ በቀጥታ ልጁ ፊት ላይ ነው የሚያርፈው። ያስጠለለን ጎን ያለው ያረጀ ጂ ፕላስ 1 ቤት ነው። ታች ሱቅ አለው፣ ከላይ ያለው በረንዳ ወደ መንገዱ ወጣ ስለሚል ስሩ ደረቅ ነው፣ አስር የምንሆን ሰዎች ቆምን። ባለሱቁ የለስላሳ ሳጥን ገልብጦ ካርቶን አነጠፈበትና «እማማ ይቀመጡ» አላት።

ይሄንን ነው ማለት የፈለግኩት። እኛ ሀገር ፎቅ ሲሰራ የምንጠይቀው ስንት ፎቅ ነው ብለን ነው። የንግድ ባንክ ዋና መስሪያ ቤት በየካቲት 2014 ሲመረቅ 209 ሜትር መሆኑን ሁላችንም በቃላችን ይዘን ነበር፣ እኔም ደስ ብሎኝ ፎቶ አንስቻለሁ። ግን አዲስ አበባ ውስጥ አብዛኛው ሰው እግረኛ ነው፣ ታክሲና ባስ የሚይዘውም ቢሆን ከወረደ በኋላ በእግሩ ነው፣ በመኪና አደጋ ከሚሞተውም አብዛኛው እግረኛ ነው። ለዚህ ሰው ህንፃው ማለት ታችኛው 4 ሜትር ነው፣ 15ኛው ፎቅ ላይ ያለው መስታወት ምኑም አይደለም።

ከ2016 ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ እነ ፒያሳ፣ አራት ኪሎ፣ ቦሌ መንገዱ ሰፋ፣ መብራት ገባ፣ የሳይክል መስመር ተሰራ፣ ጥሩ ነው፣ ድሮ ቦይ እየዘለልን ነበር የምንሄደው። ሰውን የሚያስኬደው ግን ስፋቱ ብቻ አይደለም። አንዳንዱ ቦታ በአንድ በኩል አስፋልት በሌላ በኩል አጥር ወይ የተዘጋ መስታወት ነው፣ ማታ ከስራ ስመለስ እዛ ጋ ስደርስ እርምጃዬን አፈጥናለሁ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ስኖር እንደዛ አልነበረም፣ ኮንዶሚኒየም ብዙ ችግር አለበት ሊፍት እንኳን የለውም፣ ነገር ግን ምድር ቤቱ ለንግድ የተሰራ ስለሆነ ሱቁ፣ ፀጉር ቤቱ፣ ፋርማሲው እስከ ማታ በራቸው ክፍት ነው፣ መብራታቸው መንገዱ ላይ ይወድቃል፣ የሚያውቅሽ ሰው አለ።

ለህንፃው አስተዳደር ነግሬአቸዋለሁ። የፊት በሩን ክፈቱት፣ በጎኑ ራምፕ ስሩ፣ ጭስ ማውጫውን ወደ ላይ አዙሩት፣ ከግራውንዱ ትንሽ ሸንሽናቹ ለሱቅ አከራዩት። «በሩ ለሴኪዩሪቲ ነው የተዘጋው» አሉኝ። በኔ እምነት ሱቅና ሰው ያለበት ደጅ ከሰንሰለት የበለጠ ይጠበቃል።

መነፅሩ በቀጠሮው ቀን ደረሰ። እማዬ ግን «እኔ እዛ ጉድጓድ ውስጥ ሁለተኛ አልገባም» ብላ ባለሱቁ ጋ ያችው ሳጥን ላይ ተቀመጠች። ብቻዬን ስገባ ልጅቷ «እማማስ? ልኩን ላይላቸው ነበር» አለችኝ፣ ነገርኳት። መነፅሩንና ትንሿን ካቻቢቴ ይዛ አብራኝ ወረደች፣ በፓርኪንጉ ዞረን መጣን፣ እዛው በረንዳው ስር ተንበርክካ የመነፅሩን ጆሮ አጠበቀችላት። እማዬ ቀና ብላ መጀመሪያ ያነበበችው ባለሱቁ በር ላይ የለጠፈውን የሞባይል ካርድ ዋጋ ነው።