ውዱ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ወይስ ባለ ሁለት ገንዳው? ሁለቱንም አዳማ ላይ ኖሬባቸዋለሁ

ታናሽ እህቴ ቦኩ በኩል አዲስ ቤት ልትገባ ነው። ባለፈው ሳምንት ብቻ ስለ ልብስ ማጠቢያ ማሽን 6 ጊዜ ደወለችልኝ። ከእሷ በፊት የሥራ ባልደረባዬ ጠይቃኛለች። ከዚያ በፊት ደግሞ ጎረቤቴ። ጥያቄው ሁሌም ያው ነው፦ «ውዱን ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?» በየስልኩ ከምደጋግመው አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

መልሴን ከፊት ላስቀምጥ። አዳማ ውስጥ ሆናችሁ ውሃችሁ ከሮቶ የሚወርድ ከሆነ ውዱን፣ ማለትም ከፊት የሚከፈተውን ሙሉ አውቶማቲክ፣ አትግዙ። ጥሩ ስም ያለው፣ ኦርጂናል የሆነ፣ ማጠቢያውና መጭመቂያው ለየብቻ የሆነ ባለ ሁለት ገንዳ ሴሚ አውቶማቲክ ግዙ። ውዱን ሳላውቀው አይደለም የምለው። ገዝቼው፣ ወድጄው፣ መጨረሻ ላይ አልቅሼበታለሁ።

መጀመሪያ ብሩን እንቁጠር። ሰሞኑን ከእህቴ ጋር ሱቅ ለሱቅ ስንዞር 9 ኪሎ የሚያጥብ፣ ከፊት የሚከፈት፣ ፍጥነቱን ራሱ የሚያስተካክል (ኢንቨርተር) ሞተር ያለው ታዋቂ ማሽን 128,000 ብር ተባልን። 10 ኪሎ የሚይዝ ጥሩ ባለ ሁለት ገንዳ ደግሞ 34,000። ሻጩ የሚነግራችሁ እዚህ ድረስ ነው። ውዱ ግን ብቻውን ቤት አይገባም። ውሃ የሚገፋ ፓምፕ ይፈልጋል፣ 9,500። የመብራቱን ከፍ ዝቅ ማለት የሚያስተካክል ደህና ስታብላይዘር ይፈልጋል፣ 8,500። ቧንቧውንና የውሃ መውጫውን የሚያስተካክል ሰው 2,000 ይጠይቃል። ድምሩ 148,000 ይመጣል። በሁለቱ መካከል 114,000 ብር አለ።

ይህ ብር ምን ማለት እንደሆነ በሌላ መንገድ ልመንዝረው። እኛ ሰፈር ልብስ የምታጥብ ሴት በቀን 600 ብር ትቀበላለች። በሳምንት አንዴ ብትመጣ በወር 2,400፣ በዓመት 28,800 ነው። ልዩነቱ ብቻውን የእሷን የ4 ዓመት ገደማ ክፍያ ይሸፍናል። ባለ ሁለት ገንዳው ግን ሙሉ ዋጋውን በ14 ወር ይመልሳል።

ፓምፑን ለምን እንደጨመርኩ ላስረዳ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ከፊት የሚከፈቱት ማሽኖች ውሃ የሚያስገቡት በግፊት ነው። ብዙዎቹ ቢያንስ ከ0.5 እስከ 1 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ይጠይቃሉ። መመሪያው ላይ ተጽፏል፣ ማንም አያነበውም እንጂ። ውሃ በ10 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት 1 ባር ያህል ነው። ጣሪያ ላይ 4 ሜትር ከፍ ያለ ሮቶ እንግዲህ 0.4 ባር ቢሰጥ ነው። ማሽኑ ይጠብቃል፣ ይጠብቃል፣ ከዚያ ውሃ የለም ብሎ ይጮሃል። ቧንቧውን ስትከፍቱት ውሃው ይወርዳል። ስለዚህ ማሽኑ የተበላሸ ይመስላችኋል። እኔ ራሴ በመጀመሪያው ሳምንት ባለሙያ ጠርቼ የመጣበትን 800 ብር ከፍያለሁ።

አሁን የገዛኋቸውን ሦስት ማሽኖች በተራ ላውራችሁ።

የመጀመሪያው ፎርጅድ ነበር። በ2014 ዓ.ም. በ11,500 ብር የገዛሁት ባለ ሁለት ገንዳ ነው። ፊቱ ላይ ሁላችን የምናውቀው ስም ተለጥፏል። 7 ወር ሠራ። አንድ ቀን ብርድ ልብስ ከትቼበት ሄድ መለስ ስል የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። የሰፈራችን ባለሙያ ሞተሩን አወጣው። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው የሽቦውን ጫፍ በምላጭ ፋቅ አደረጉት። ከላይ ቀይ መዳብ ይመስል የነበረው ቀለም ተነሳና ከሥሩ ነጭ ብረት ወጣ። «አየሽ ልጄ፣ አልሙኒየም ነው። ቀለም ቀብተው ነው የሸጡልሽ» አሉኝ። የአልሙኒየም ሽቦ ጭነት ሲበዛበት ቶሎ ይግላል። ሲያረጅ መጋጠሚያው ላይ ይላላል። በመዳብ ላስጠቅልለው ብል የሚጠየቀው ብር የማሽኑን ግማሽ ሊሆን ነው። ተውኩት። ስሙ የተጻፈበት ተለጣፊም በጥፍር ተልጦ ተነሳ።

በዚህ ተናድጄ ነው ሁለተኛውን የገዛሁት። «ርካሽ ዕቃ ሁለቴ ያስከፍላል» ብዬ ውዱን አመጣሁ። በ2015 በ62,000 ብር። እውነቱን ለመናገር ቆንጆ ነበር። ነጭ አንሶላ በ60 ዲግሪ አጥቦ ሲያወጣው ደስ ይላል። ድምፁ አይሰማም። ነጠላዬን ሳይጎትት፣ ጥለቱን ሳያበላሽ ያጥብልኝ ነበር። ለአንድ ዓመት ከዚያ በላይ ልብስ ማጠብ የሚባል ሐሳብ ከቤቴ ወጥቶ ነበር።

ችግሩ መብራቱ ነው። እኛ ሰፈር መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ሲመጣ ደግሞ አንዳንዴ ከፍ ብሎ ነው። እየታጠበ መብራት ከሄደ በሩ ይቆለፋል፤ ልብሱ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ያድራል። ይህን ለምጄው ነበር። በጥቅምት 2017 ግን መብራት ተመልሶ ሲመጣ ማሽኑ አልተነሳም። ማሽኑን የሚያዘው የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ተቃጥሏል። ያኔ ስታብላይዘር አልነበረኝም። በዲቫይደር ነበር የሰካሁት።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ። የባልደረባዬ ተመሳሳይ ቦርድ ከዓመት በፊት በ14,000 ተቀይሮላታል። እኔ ስጠይቅ 31,000 ተባልኩ። በመሀል ሐምሌ 22 ቀን 2016 አለ፤ ብር በገበያ እንዲተመን የተለቀቀበት ቀን። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ከ100 አለፈ። ውድ ማሽን የገዛ ሰው ይህን ልብ ይበል። ማሽኑን በብር ትገዛላችሁ፣ መለዋወጫው ግን ዕድሜውን ሙሉ በዶላር ይከተላችኋል። ቦርዱን በፌስታል ይዤ አዲስ አበባ ሁለት ጊዜ ተመላልሻለሁ። አንዱ ጠግኖልኝ 9 ቀን ሠርቶ ቆመ።

«ሞተሩ የ10 ዓመት ዋስትና አለው እኮ» ትሉ ይሆናል። እኔም ብያለሁ። ያ ዋስትና የሞተሩ ነው። የቦርዱ አይደለም፣ የውስጥ ፓምፑ አይደለም፣ የበሩ ላስቲክም አይደለም። ሞተሩማ ዛሬም ደህና ነው።

ሌላም አለ። ከፊት የሚከፈተው ማሽን በጣም የሚፈራው ኩሽኔታው ሲሄድ ነው። ሲጨምቅ እንደ አውሮፕላን መጮህ ከጀመረ ኩሽኔታው አልቋል ማለት ነው። ዕቃው ራሱ ርካሽ ነው። ግን አሁን የሚመጡት ብዙ ማሽኖች የውጭ ገንዳቸው በብሎን የታሰረ ሳይሆን የተበየደ ነው። አይከፈትም። አንዷን ኩሽኔታ ለመቀየር ገንዳውን በሙሉ መግዛት ነው። ውድ ማሽን የግድ ልትገዙ ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት «ገንዳው በብሎን ነው የተያያዘ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሚለ የሚባለው የጀርመን ኩባንያ ማሽኖቹን ለ20 ዓመት አገልግሎት እንደሚፈትሽ ይናገራል። ከ1899 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ድርጅት ነው፤ አምናለሁ። ውጭ ያሉ ዘመዶቻችን «አንዴ ገዝቶ መገላገል ነው» የሚሉን ይህን ዓይነቱን አይተው ነው። እነሱ ጋ መብራቱ አይዋዥቅም፣ ውሃው በግፊት ይመጣል፣ ስልክ ሲደውሉ ባለሙያው ከነመለዋወጫው በር ላይ ነው። ሂሳቡ እዚያ ይሠራል። እኛ ጋ ያው ማሽን በሌላ ኑሮ ውስጥ ነው የሚገባው።

ሦስተኛው አሁን ያለኝ ነው። ኅዳር 2017 በ24,500 የገዛሁት ኦርጂናል ባለ ሁለት ገንዳ። እስካሁን ያወጣሁበት ሁለት ነገር ነው፦ ሞተሩን የሚያስነሳው ካፓሲተር 450 ብር፣ ቺንጊያ 300 ብር። ሁለቱንም ጋሼ ግቢዬ ውስጥ ቁጭ ብለው ቡና ሳይፈላ ጨርሰውታል። ቦርድ የለውም። የሚጠመዘዝ ታይመር ነው ያለው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ታይመሩን እንደገና ማዞር ብቻ ነው።

ውሃውን በጀሪካን ለክቼዋለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ዙር አጥባለሁ። በአንዱ የሳሙና ውሃ መጀመሪያ ነጩን፣ ቀጥሎ ባለ ቀለሙን፣ መጨረሻ የልጆቹን ካልሲና የሥራ ልብስ። ከነማለቅለቂያው 9 ጀሪካን ይጨርሳል። ባለ 20 ሊትር ስለሆነ 180 ሊትር ነው። አውቶማቲኩ ለአንድ ዙር ከ50 እስከ 60 ሊትር ይወስዳል። ስለዚህ ለሦስት ዙር ሲሰላ እኩል ገደማ ነው። ልዩነቱ ቧንቧ በጠፋበት ቀን ይመጣል። ያን ቀን ባለ ሁለት ገንዳው በባልዲ እየሞላችሁት ይሠራል፣ አውቶማቲኩ ይቆማል። የመጨረሻው ውሃም አይደፋም። ሽንት ቤት ይወርዳል፣ የተረፈው የግቢውን አቧራ ያረጥባል። የናዝሬትን አቧራ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ሙቅ ውሃ አያፈላም፣ እሱ እውነት ነው። እኔ ጥቁር ጀሪካን ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ አስቀምጣለሁ። እስከ 6 ሰዓት ለነጭ ልብስ የሚበቃ ይሞቃል።

አድካሚነቱንም አልደብቅም። ልብሱን ከማጠቢያው አውጥቶ ወደ መጭመቂያው ማዛወር የእናንተ ሥራ ነው። ውሃ የጠጣ ጋቢ ከባድ ነው። ወገብ የሚያመው ሰው፣ ያረገዘች ሴት፣ ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ይቸገራሉ። አማቴ ከእኛ ጋር በነበሩበት ጊዜ አልቻሉትም። እንዲህ ላለ ቤት ውዱን አትግዙ አልልም፤ ፓምፑንና ስታብላይዘሩን ከማሽኑ ቀድማችሁ ግዙ ነው የምለው። ነጠላም ብቻውን አይግባ። ይጠቀለልና የጫፉ ቁጭት ይበጠሳል። ትራስ ልብስ ውስጥ ከትቼ አፉን አስሬ ነው የማጥበው። ጋቢ ስጨምቅ ደግሞ ዙሪያውን እኩል አድርጌ እጠቀጥቀዋለሁ፤ ወደ አንድ ጎን ካደላ ማሽኑ ግቢውን ያካልላል።

ማድረቂያ ላለውና በደቂቃ 1,400 ለሚሽከረከረው ጭማሪ እንዳትከፍሉ። ለዚህ ብቻ ከ20,000 ብር በላይ ሲጨምሩ አይቻለሁ። ነፋሳችን መብራት የሚያመነጭ ከተማ ውስጥ ነን። ከተማው ዳር የቆሙት ተሽከርካሪዎች በሁለት ምዕራፍ 51 እና 153 ሜጋዋት ተብለው የተተከሉት በከንቱ አይደለም። ቲሸርት ከአንድ ሰዓት በላይ ገመድ ላይ አይቆይም። እንዲያውም ቶሎ ካላነሳችሁት አቧራ ይለብሳል።

ሳሙናን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። ለእጅ የተሠራውን፣ አረፋው የሚበዛውን ዱቄት ከፊት በሚከፈተው አትጨምሩ። አረፋው ይሞላና ሳይጨምቀው ይቆማል። ባለ ሁለት ገንዳው ምንም ቢሰጡት አይመርጥም።

ሳዑዲ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ይህን ስሙኝ። እዚያ መብራቱ በሰከንድ 60 ጊዜ የሚመላለስ፣ ማለትም 60 ኸርዝ ነው፣ የእኛ 50። ለዚያ አገር የተሠራ ተራ ሞተር እዚህ ሲሠራ ቀስ ይላል፣ ይግላልም። ከአሜሪካ የሚመጣው ደግሞ 120 ቮልት ነው። ማሽኑ ጀርባ ያለው የመለያ ሳህን (ቮልቱና ቁጥሩ የተጻፈበት) ላይ 220 እስከ 240 ቮልት፣ 50 ኸርዝ የሚል ካልተጻፈ ለጭነትና ለቀረጥ አትክፈሉ። ከዱባይ የሚመጣው በዚህ በኩል ችግር የለበትም።

ፎርጅድን ለመለየት እኔ የማደርገው ይህ ነው። የመለያ ሳህኑን ቁጥር ከካርቶኑ ቁጥር ጋር አስተያያለሁ። የስሙን ጽሑፍ በጥፍሬ እሞክራለሁ። ከዚያ ሱቁ ውስጥ መጭመቂያውን ባዶውን አስነስቼ ክዳኑን ብድግ አደርጋለሁ። ፍሬኑ ይዞት በጥቂት ሰከንድ መቆም አለበት። የመጀመሪያው ማሽኔ ክዳኑ ተከፍቶም ይሽከረከር ነበር። ልጅ ያለበት ቤት ይህ ቀልድ አይደለም። መጨረሻ ላይ የሞተሩን ሽቦ ለማየት የጀርባውን ክዳን ክፈቱልኝ እላለሁ። አራት ብሎን ነው። ቀለም ከሥር ያለውን ሁሌም አያሳይም፤ ግን ባለሙያ ይዞ የሄደ ሰው ያያል። «አይከፈትም፣ ዋስትናው ይበላሻል» ያለኝ ሱቅ ነበር። ከዚያ ሱቅ 3,000 ብር ቀንሶ ቢሰጠኝም አልገዛሁም።

እህቴ ትናንት ማታ ለ7ኛ ጊዜ ደወለች። የ128,000ው ሻጭ ወደ 121,000 ወርዶላታል። «እቴ፣ ፓምፑንም ጨምሮ ነው?» አልኳት። ዝም አለች። ቅዳሜ ጠዋት አብረን እንሄዳለን። ጋሼም እሺ ብለዋል፤ ብሎን መፍቻቸውን ይዘው ይመጣሉ።